ጢስ ዓባይን በጆሮ መጎብኘት

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ ቀን አንዲት የክፍላችን ልጅ በእናቷ ስልክ የተቀዳ ድምፅ ይዛ መጣች። «ዓይናችሁን ጨፍኑና ምን እንደሆነ ንገሩኝ» አለችን። ሁላችንም ጨፈንን። አንዱ «በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው» አለ። ሌላዋ «ጣቢያው የጠፋበት ቴሌቪዥን ነው» አለች። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ «ቦቴው ውኃ ሲገለብጥ ነው» ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መሐመድ ሞጌ ውስጥ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲወርድ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ቦቴ መኪና የግቢውን ማጠራቀሚያ ሲሞላ ስለሆነ መልሱ አያስገርምም። «ፏፏቴ ነው» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ድምፁ የጢስ ዓባይ ነበር።

ልጅቷ ቅር አላት። «እዚያ ቆሜ ደረቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እናንተ ቴሌቪዥን ትሉታላችሁ» አለች። የሄደችው ከቤተሰቧ ጋር በመስከረም ነው። በዚህ ጊዜ በግንቦት ከአባቱ ጋር እዚያው ቦታ የደረሰ ሌላ የክፍላችን ልጅ «አታጋኚ፤ እኔና አባቴ እኮ እዚያው ቆመን እንደ ልባችን አውርተናል» አላት። ክርክሩ እስከ ደወል ድረስ ቀጠለ፤ መቋጫ ግን አላገኘም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ለትምህርት ቤታችን መጽሔት የምናዘጋጀው ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ወሰንን። ስልኩ የፏፏቴውን ድምፅ ለምን አሳነሰው? አንድ ቦታ ላይ የቆሙ ሁለት ልጆችስ ለምን የተለያየ ነገር ሰሙ?

መንገዱ

ከሐርጌሳ ለሚነሳ ሰው ጢስ ዓባይ ሩቅ ነው። በውጫሌ ድንበር ተሻግሮ፣ በጅጅጋና በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ዳር መድረስ ያስፈልጋል። የጢስ ዓባይ ከተማ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከከተማዋ ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ግን የእግር ነው፤ ሁለቱም ልጆች ሳይጣሉ የተስማሙበት ነገር ቢኖር የጉዞው ምርጥ ክፍል ይህ የእግር መንገድ መሆኑን ነው።

መንገዱ ቁልቁል ወርዶ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ያሻግራል። የዓባይ ውኃ በጠባብ ገደል ውስጥ ከሥሩ ያልፋል። ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ላይ የሚሰማው የመንደር ድምፅ ነው፤ እረኛ ከብት ሲመልስ፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ የደረቀ ቅጠል ከእግር በታች ሲንኮሻኮሽ። የመስከረሟ ተጓዥ እንደነገረችን ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ከባድ መኪና የሚመጣ መስሏት ዞር ብላ አየች። መኪና አልነበረም። ጉብታውን ወጥታ ፏፏቴው ፊት ለፊት ሲገለጥ ቀጭኑ የ«ሽሽሽ» ድምፅ በወፍራሙ ላይ በአንድ ጊዜ ተጨመረ።

ይህ ምክንያት አለው። ወፍራም ድምፅ ረጅም ሞገድ ስላለው ጉብታን ዞሮ ማለፍ ይችላል። ቀጭን ድምፅ ግን በኮረብታ ይጋረዳል፤ ቅጠልና ሣርም ይውጠዋል። ስለዚህ በእግሩ ወደ ፏፏቴ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ግርግርታውን፣ በኋላ ፉጨቱን ይሰማል። በመኪና በሩ ድረስ ቢደርስ ኖሮ ይህን አያገኘውም ነበር።

ቦታው ስሙን ያገኘው በዓይን ከሚታየው ነው። ከግርጌው የሚነሳው የውኃ ብናኝ ከሩቅ ጢስ ይመስላል፤ «ጢስ እሳት» የሚባለውም ለዚህ ነው። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ዓባይ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1770 ያየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ድምፁ አደንዝዞት ራሱን እንዳዞረው ጽፏል። ከእርሱ በፊት በ17ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ ዓለት ላይ መቀመጡን ሲተርክ፣ ብሩስ ደግሞ ይህ ፈጽሞ የማይቻል ነው ብሎ ተከራክሮታል። የክፍላችን ልጆች ስለ ጢስ ዓባይ ሲከራከሩ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም ማለት ነው።

ውኃ ለምን ይጮኻል?

መልሱን ለማግኘት የፊዚክስ መምህራችን በማንቆርቆሪያ ውኃ ይዘው መጡ። መጀመሪያ አፉን ወደ ሳፋው አስጠግተው በቀጭኑ አንቆረቆሩ። ምንም አልተሰማም። ከዚያ እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያው ውኃ መንኮልኮል ጀመረ። «ምን ተጨመረ?» ሲሉ ጠየቁን። ቀረብ ብለን ስናይ አረፋ ነበር።

ከፍ ካለ ቦታ የሚወርድ ውኃ አየር ይዞ ይገባል። አየሩ በውኃው ውስጥ ትናንሽ አረፋዎች ይሆናል። እያንዳንዱ አረፋ ሲፈጠር እንደ ኳስ ይጨመቃል፣ መልሶ ይነፋል፤ ይህ መንዘር ነው ድምፅ የሚሆነው። የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ማርሴል ሚናርት እ.ኤ.አ. በ1933 የአረፋው መጠንና የድምፁ ቅጥነት እንዴት እንደሚያያዙ በሒሳብ አሳይቷል። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ በሰከንድ 3,300 ጊዜ ያህል ይነዝራል፤ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው 1,000 ጊዜ ያህል፤ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ 100 ጊዜ ያህል። እንደ ከበሮ ነው፤ ትንሹ ቀጭን፣ ትልቁ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል።

ጢስ ዓባይ ሥር ለቁጥር የሚያታክቱ አረፋዎች በየመጠናቸው በአንድ ጊዜ ይፈጠራሉ። ሁሉም የየራሱን ድምፅ ሲያወጣ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ያለው ሁሉ ይደባለቃል። ለዚህ ነው የፏፏቴ ድምፅ ዜማ የሌለው፣ ግን ደግሞ የማይሰለች የሚሆነው። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብም ጣቢያ ያጣ ቴሌቪዥንም እንዲሁ ድብልቅ ድምፅ ናቸው፤ ስለዚህ ጓደኞቻችን መሳሳታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስልኩ ምን አስቀረ?

የስልክ ድምፅ ማጉያ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ይህቺ ትንሽ ነገር ያንን አትችልም። ስለዚህ ስልኩ ከፏፏቴው ድምፅ ላይ የታችኛውን ክፍል ቆርጦ «ሽሽሽ»ውን ብቻ አሰማን። ደረት የሚያንቀጠቅጠው ግን የተቆረጠው ክፍል ነው። መምህራችን ስልኩን ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር ሲያገናኙት ድምፁ ትንሽ ወፈረና ክፍሉ ዝም አለ። ልጅቷም «አሁን ትንሽ መሰለ» አለች። ትንሽ ብቻ!

የመስከረምና የግንቦት ፏፏቴ

ሁለተኛው ጥያቄ ከስልኩ ይልቅ ከበደን። ግማሹ መልስ ወቅት ነው። የክረምቱ ዝናብ መጀመሪያ ጣና ሐይቅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ በጣም የሚሞላው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ በመስከረም አካባቢ ነው። ግንቦት ደግሞ የበጋው መጨረሻ ነው።

ሌላው ግማሽ ሰው ነው። በፏፏቴው አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ከ12 ሜጋ ዋት የማይበልጥ ሲሆን ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ነው። ለማመንጫዎቹ የሚያስፈልገው ውኃ ፏፏቴው ላይ ሳይደርስ በቦይ ተወስዶ ከታች ይመለሳል። ባሕር ዳር አጠገብ ጣና ላይ የተሠራው ጨራጨራ ግድብ ደግሞ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ ይመጥናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫም የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። ስለዚህ በበጋ ያ ሰፊ ገደል ብዙ ጊዜ ጥቁር ዓለት ሆኖ ይታያል፤ ውኃው በጥቂት መስመር ብቻ ይወርዳል። ውኃው ሲያንስ አረፋው ያንሳል፤ ትልልቆቹም አረፋዎች ይጠፋሉ። ጓደኛችን ከአባቱ ጋር ማውራት የቻለው ለዚህ ነው። ሁለቱም ልጆች እውነት ተናግረዋል።

ይህን ስንረዳ ግን የተደሰትነው በግማሽ ነው። የልጅቷ አያት የዚያ አካባቢ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ሌሊት ተኝተው ፏፏቴውን ከአልጋቸው ይሰሙት እንደነበር ነግረዋታል። «ቀን አይሰማም፣ ሌሊት ይመጣል» ነው ያሉት። ይህም ተረት አይደለም። ጠራ ባለ ሌሊት ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ሞቅ ይላል። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ስለሚፈጥን ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ስለዚህ ሩቅ ይደርሳል። አሁን ግን አያትየው «ከክረምት በቀር አልሰማውም» ይላሉ።

እዚህ ላይ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቻችን መብራት ለሐኪም ቤትም ለትምህርት ቤትም ያስፈልጋል፣ ፏፏቴ ለማየት ብሎ ሰው በጨለማ አይቀመጥም አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት አሁን በጆሮም ሆነ አልን። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሰጠንና ምን እንደወሰድን ማወቅ አለብን። መብራቱ በሜጋ ዋት ተለክቶ ተጽፏል። ሌሊት ከአልጋ የሚሰማውን ድምፅ ግን የመዘገበው ሰው አላገኘንም፤ ያለው በአያትየው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው።

በጩኸቱ መሐል ማን ይሰማል?

ፏፏቴ አጠገብ መኖር ለእንስሳትም ቀላል አይደለም። ቻይና ውስጥ በሚንዶለዶል ጅረት ዳር የምትኖር አንዲት የእንቁራሪት ዝርያ ከውኃው ጩኸት በላይ ለመሰማት የሰው ጆሮ በማይደርስበት ቅጥነት እንደምትጮኽ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ታውቋል። የሰው ጆሮ ቢበዛ በሰከንድ 20,000 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ ነው የሚሰማው፤ እርሷ ከዚያ ታልፋለች። የመስከረሟ ተጓዥም ያስተዋለችው ተመሳሳይ ነገር ነበር። ፏፏቴው ፊት የአባቷን ወፍራም ድምፅ ውኃው ሲውጠው፣ የታናሽ ወንድሟን ቀጭን ጩኸት ግን ትሰማው ነበር።

እኛስ እዚህ ምን እናዳምጥ?

ሰፈራችን ፏፏቴ የለውም፤ ለጆሮ ግን ሥራ አለው። የሚከተሉትን ከቤተሰብ ጋር እንድትሞክሩ እንጋብዛለን።

አንደኛ፣ ጀሪካን ሲሞላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ከላይ የቀረው አየር ስለሚያጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። እናቶቻችን ሳያዩ «ሞላ፣ ዝጋው!» የሚሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ሁለተኛ፣ ማለዳ ከመኪናው ጩኸት በፊት ደጅ ወጥታችሁ ለአምስት ደቂቃ ዝም በሉ። የሰማችሁትን ከሩቁ ጀምራችሁ ወደ ቅርቡ ጻፉ። ያንኑ እኩለ ቀን ላይ ደግማችሁ አስተያዩ።

ሦስተኛ፣ ዝናብ ሲጥል ከተማችንን የሚያቋርጠውን የመሮዲ ጄህ ወንዝ ከሩቅና ከከፍታ ላይ ሆናችሁ ስሙ። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ጎርፉ ግን ከላይ በጣለ ዝናብ በድንገት ይመጣል። ያንን ወፍራም ግርግርታ አሸዋው ላይ ቆማችሁ ከሰማችሁት ማዳመጫ ጊዜ የለም፤ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ። ታናናሾቻችሁንም ይህን አስተምሯቸው።

አራተኛ፣ አገር ቤት ሄዳችሁ ፏፏቴም ሆነ ወንዝ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልም ሆነ የገበያ ድምፅ ከቀዳችሁ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በድምፃችሁ መጀመሪያ ላይ ተናገሩ። ቀን የሌለው ቅጂ እንደ ሁለቱ ጓደኞቻችን ያጣላል።

የምንኖርበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ ድምፅ ነው፤ መሐመድ ሞጌ ሊባን የሶማሊኛ ዘፋኝ ነበር። እርሱን በሕይወት ሳለ ያልሰሙ ልጆች ዛሬም ድምፁን የሚሰሙት አንድ ሰው ቀድቶ ስላስቀመጠው ነው። እኛም የመስከረሙን ቅጂ ከነቀኑ በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጠነዋል። ከጎኑ የግንቦቱ ይቀራል፤ ጓደኛችን በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ ሊቀዳልን ቃል ገብቷል። የአያትየውንም ቃል በራሳቸው ድምፅ እንድትቀዳ ልጅቷን ለምነናታል። እርሷም «አያቴ ስልክ ፊት ያፍራሉ፤ ግን ሌሊት እጠይቃቸዋለሁ» ብላናለች።