በሆድ ውስጥ ያለው ረመጥ

አገር ቤት ሳለን «ወፈር ብለሃል፣ አምሮብሃል» መባል ምርቃት ነበር። ስኳር በሽታም እምብዛም አናውቅም ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ግን ተስፋፋብን። ሐዴራ ላይ በ1998 «ጤና ብሪኡት» የተመሠረተውም ማኅበረሰባችንን ስለ ጤና ለማስተማር ነው።

ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አመድ እንደለበሰ ረመጥ ውስጥ ውስጡን ሰውነትን ያስቆጣል። ይህ ቁጣ ልብን፣ ደም ሥርን፣ መገጣጠሚያን እየጎዳ ያለ ዕድሜ ያስረጃል።

ጨጓራን የሚያሳንሰው ኦፕራሲዮን ክብደት ሲቀንስ ረመጡም ይበርዳል፤ ስኳሩም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት ቁጥር በጣም ከፍ ላለ፣ ስኳርን የመሰለ ሕመም ካለ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ላለም ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቫይታሚንና ክትትል ዕድሜ ልክ ነው። ከስቡ ጋር ጡንቻም ስለሚቀንስ፣ በተለይ ዕድሜያችሁ ከገፋ፣ እንቁላሉ፣ ምስሩ፣ የእግር ጉዞው አይቅር።

እንግዲህ ኩፓት ሖሊም ስትሄዱ «ለእኔ ይሆናል ወይ? ጉዳቱስ?» በሉ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሳይገባችሁ አትፈርሙ!