ሙልሙሉ የማን ነው?

ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጋፋት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ያሠሩበት ስፍራ ስለ ሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔ ግን ባለፈው ነሐሴ ወደዚያ አገር በሄድሁ ጊዜ ከመድፉ እቶን ይልቅ የማድ ቤቱ ምጣድ አስደነቀኝ።

በደቡቡ የአገራችን ክፍል ብዙ ሕዝብ ከእንሰት ቆጮ አዘጋጅቶ ይመገባል። በጎንደር በኩል ግን ይኸው ተክል ኮባ እየተባለ የሚፈለገው ለቅጠሉ ነው። የድፎ ዳቦ ሊጥ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በምጣድ ላይ ይደረጋል፤ ከላይም ተከድኖ ፍም ይጫንበታል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል። ታዲያ ኮባው እንፋሎቱን ይዞ ያስቀራል፤ ከታችና ከላይ ያለው እሳትም ዳቦውን እኩል ያበስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን ትንሹ ሙልሙል ነው። እንደሚታወቀው የደብረ ታቦር በዓል፣ ማለት ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። በትውፊት እንደሚነገረው ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ እረኞች ገና ቀን መስሏቸው በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘውላቸው ወጡ። ሙልሙል የዚያ ዳቦ መታሰቢያ ነው።

በዋዜማው ምሽት ባረፍሁበት ቤት ደጃፍ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ። እኔም ፈጥኜ ከኪሴ የወረቀት ብር አወጣሁ።

«ቆይ ልጄ፣ አስቀድመህ ቍጠራቸው» አሉኝ የቤቱ እመቤት።

ቈጠርኋቸው፤ ሰባት ነበሩ። ሰባት ሙልሙል ወጣ። ከሁሉ ያነሰው ልጅ ከኋላ ቆሞ ነበርና ድምፁን እንኳ አልሰማሁትም። ብሩን ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ የሚቀበለኝ ፊት ቆሞ የሚያወጣው ጐበዝ ነበር፤ ለትንሹ ምን ያህል እንደሚደርሰው እርሱና አለቃው ያውቃሉ። ሙልሙሉ ግን በቀጥታ ከትንሹ እጅ ገባ።

በከተማ በልደት ኬክ ላይ የባለ ልደቱ ስም በክሬም ይጻፋል። በሙልሙል ላይ ምንም አይጻፍም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ባለቤት አለው።

ዛሬ በብዙ ከተማ ለሆያ ሆዬ ልጆች ገንዘብ መስጠት ተለምዷል፤ ለሰጪው ይቀላልና አልፈርድበትም። ነገር ግን እኛ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ነገ የብዙ ሰው ድርሻ በእጃችን ያልፋል። ያን ጊዜ ድምፁ ለጐላው አስረክበን «ተከፋፈሉት» ከማለታችን በፊት፣ የደብረ ታቦሯ እመቤት እንዳሉት፣ አስቀድመን እንቍጠር።