ከሩቅ የታየ እሳት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከአማርኛ ትምህርቷ አኩርፋ ተመለሰች። መምህሯ አንድ ገጽ ያለ እርዳታ ለሚያነብ ልጅ ሽልማት እንደምትሰጥ ተናግራ ነበር። ልጄ ገጹን አንብባ ጨረሰች። ግን ሁለት ቃላት ከጓደኛዋ ደብተር እንዳየች ራሷ ተናገረች። ሽልማቱ ቀረባት።

«አባዬ፣ እውነት ተናግሬ ምን አገኘሁ?» አለችኝ።

መልስ ስላጣሁ ተረት ነገርኳት። ተረቱ ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የመጽሐፉ ስምም ከዚሁ ተረት የተወሰደ ነው።

አርሃ የሚባል አገልጋይ ከጌታው ጋር ተወራረደ። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ተራራ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ካደረ፣ መሬት፣ ቤትና ከብት ያገኛል። አንድ ሽማግሌ ወዳጁ ከሸለቆው ማዶ እሳት አነደደለት። አርሃ ያንን ብርሃን እያየ አነጋ።

ጌታው «እንዴት ቻልክ?» ሲለው እውነቱን ተናገረ። ጌታው ግን «እሳት ተጠቅመሃልና ተሸንፈሃል» አለው። ዳኛውም ለጌታው ፈረደ።

በኋላ አንድ ብልህ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብዣ ጠራቸው። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ምግቡ ግን አልቀረበም። «እሳት ማየት ካሞቀ፣ ሽታም ያጠግባል» አላቸው። አርሃ የተወራረደበትን አገኘ።

ቤታችን ኒር ኢስት ሳይድ፣ ከፍራንክሊን ፓርክ አጠገብ ነው። እዚያ በ1895 የተሠራ የዘንባባ ቤት አለ። የመስታወት ቤት ነው፤ ማታ ማታ በቀለማት ያበራል። ልጄ «እንሞክረው!» ስላለች ወጣን። ከሩቅ ቆመን ብርሃኑን አየን።

«ሞቀሽ?»

«ኧረ እጄ ደነዘዘ!»

ሳቅን። ከዚያ «አርሃ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?» አለች።

ይህ ጥያቄ እኔን ነካኝ። የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ አንድ ብልሽት ተፈጥሮ ነበር። ያመጣው እኔ የጻፍኩት ኮድ እንደሆነ ባውቅም ዝም አልኩ። ባልደረባዬ ምክንያቱን ሲፈልግ ሁለት ቀን ደከመ።

ሰኞ ጠዋት ነገርኩት። ተቆጣ፤ ተገቢም ነበር።

ማታ ለልጄ ስነግራት «ታዲያ ምን አገኘህ?» አለችኝ።

«እንቅልፍ» አልኳት።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። እስኪነጋ ግን ብርዱን መቻል ያስፈልጋል። እናንተስ እውነት ተናግራችሁ የቀረባችሁ ነገር አለ? ዛሬ በእራት ሰዓት ለቤተሰባችሁ በአማርኛ ንገሩ።