ሮቢት፦ ግማሽ ሰዓት የሚያድር እንግዳ

የሆቴል ሙያ የሚማር ወጣት ሩቅ አስቦ ሲያልም ዓይኑ የሚያርፈው ባሕር ማዶ ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ በ1893 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሆቴል ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሙያው ትልቅ ስም ነው፤ የእኛ አገር ልጆች ደግሞ ዱባይንና ዶሃን ይጨምሩበታል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የደሴን መንገድ ይዛ የተዘረጋችው ሸዋ ሮቢት ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ሌላ ዓይነት ሆቴል አላት። የመንገድ ሆቴል ነው፤ የራሱ ደንብ፣ የራሱ የሥራ ክፍፍልና የራሱ ፈተና አለው።

ሮቢትን ማረፊያ ያደረጋት አቀማመጧ ነው። ከአዲስ አበባ በማለዳ የተነሣ አውቶብስ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩትን ዋሻ አቋርጦ ቁልቁለቱን ይያያዘዋል። ደብረ ሲናንና አርማንያን ጥሎ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል። ደብረ ብርሃን ላይ በጋቢ የተጀቦነው ተሳፋሪ እዚህ ጃኬቱን አውልቆ መስኮት ይከፍታል። ሹፌሩ ከጠመዝማዛው ጋር ሲታገል ቆይቷል፤ ፍሬኑም ግሏል። ከደሴ የመጣውም ቢሆን ዳገቱን ከመያዙ በፊት አረፍ ማለት ይሻል።

ታዲያ ባለሆቴሉ በመጀመሪያ የሚያውቀው ነገር ደንበኛው ማን እንደሆነ ነው። ሒሳብ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው፤ ቤቱን የሚመርጠው ግን ሹፌሩ ነው። ሃምሳና ስድሳ ሰው የጫነ መኪና የት ግቢ እንደሚገባ የሚወስነው አንድ መሪ ነው። ስለዚህ ሹፌርና ረዳት በልተው አይከፍሉም፤ ጥላ ያለበት ጠረጴዛ ይለቀቅላቸዋል፤ ምግባቸውም ቀድሞ ይደርሳል። ይህ የሮቢት ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ረጃጅም መንገዶች ሁሉ የታወቀ ልማድ ነው። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ የሹፌሩ ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በተሳፋሪው ሳህን ላይ ነው። ተሳፋሪው ቅር ቢለው ሌላ ቤት የመሄድ ጊዜ የለውም።

«ሠላሳ ደቂቃ!» ይላል ረዳቱ በሩን እየከፈተ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የጊዜ ሥራ ነው። እጅ መታጠቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ውጭ መሆኑ ሰልፉ በሩን እንዳይዘጋ ያደርጋል። ወጡ አስቀድሞ የተሠራ ነው፤ ጥብሱ ብቻ በትእዛዝ ይጠበሳል፤ ሽሮው በሸክላ እየፈላ ይቀርባል። አስተናጋጇ በኪሷ ማርካ ይዛለች፤ ዋጋ የተጻፈባት ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። ለማዕድ ቤቱ ማርካ ሰጥታ ምግብ ታወጣለች፤ ለባሩ ሌላ ሰጥታ ለስላሳና ውሃ ትወስዳለች። ማታ ከካሸሩ ጋር ስትተሳሰብ በሰጠችው ማርካ ልክ ብር ማስረከብ አለባት። ከስድሳ ሰው አንዱ ሳይከፍል ጥሩንባ ሰምቶ ቢሮጥ ዕዳው የእሷ ነው። ለዚህ ነው ሳህኑን ስታስቀምጥ ሒሳቡን አብራ የምትጠይቀው። ለከተሜ እንግዳ ነገሩ ጥድፊያና ጋጠወጥነት ሊመስለው ይችላል፤ ለእሷ ግን የቀን ገቢዋን መጠበቂያ ነው። ማርካን በታተመ ደረሰኝ የተኩ ቤቶች አሉ፤ ስጋቱ ግን ያው ነው።

ሮቢት የምትገኝበት አገር ይፋት ይባላል፤ ከዚህ የሚከብደው የይፋት ሆቴል ፈተና ሥጋ ነው። አገሩ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ የአራጁ፣ የቢላዋውና የድስቱ ነገር ቀልድ አያውቅም። አንዳንዱ ቤት ደጁ ላይ «የሙስሊም ምግብ ቤት» ብሎ ይጽፋል። አገሬው ይህን ከሆቴሉ በፊት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብት ለይቶ ይሰጣል፣ እነሱው አርደው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፤ ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ይበረክታል፤ በረመዳን የሙስሊሙ ምግብ ቤት ቀን ጭር ብሎ አመሻሹ ላይ ይደምቃል። የእንግዳን እምነት ሳይጠይቁ አውቆ ማስተናገድ በሎዛንም ቢሆን የሚመሰገን ችሎታ ነው።

ለሚያድር ሰው ደግሞ ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። ደጋ ላይ ብርድ ልብስ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ እንግዳ እዚህ ቬንትሌተር መኖሩን፣ አጎበሩ ያልተቀደደ መሆኑን፣ የሻወሩ ውሃ የማይቋረጥ መሆኑን ነው የሚያየው። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ አጎበር ጌጥ አይደለም።

እንግዳ መቀበል ለይፋት አዲስ አይደለም። በ1830ዎቹ ከታጁራ በአፋር በረሃ የሚመጣ ቅፍለት የሚያራግፈው ከአንኮበር በታች ባለችው በአሊዩ አምባ ገበያ ነበር። ያኔ ሆቴል የለም። ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚመጣ የውጭ ሰው ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ባልደረባ ይመደብለታል፤ እንጀራው፣ ወጡና ጠጁ ደግሞ በድርጎ ይሰፈርለታል። መስተንግዶው የመንግሥት ሥራ ነበር ማለት ነው፤ ነገር ግን ድርጎ የሚቆርጠው ያው መንግሥት ስለሆነ እንግዳው ያለ ፈቃድ ወዴትም አይንቀሳቀስም። የመኪና መንገዱ ሲመጣ ግን ማንም ከፍሎ የሚስተናገድበት ንግድ ተተከለ።

መንገድ የሰጠውን መንገድ ይነሣል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሮቢት ድረስ ወርዶ ከተማዋ በኅዳር ወር በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ነበር። ከዚያ ወዲህም የጸጥታው ችግር መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል። አውቶብስ ሳይመጣ በዋለ ቁጥር የተሠራው ወጥ ይበላሻል፣ አስተናጋጇም ያለ ጉርሻ ወደ ቤቷ ትገባለች። በአካባቢው ሽንኩርትና ማንጎ ያመረተው ገበሬም ገዢ ያጣል።

የሆቴል ትምህርት ቤትም ለእነዚህ ቤቶች የሚጨምረው አለው። አዲስ አበባ ያለው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የምግብ ዝግጅት፣ መስተንግዶ፣ የእንግዳ አቀባበልና የክፍል አያያዝ ያስተምራል። በ38 ዲግሪ ሙቀት ጥሬ ሥጋ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ መጸዳጃ ቤት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ የጠፋ ሒሳብ ከደመወዝ ሳይቆረጥ በምን ቁጥጥር እንደሚያዝ የሰለጠነ ሰው ያውቃል። ተማሪውም ከሮቢት የሚማረው አለው፤ ስድሳ ሰው በግማሽ ሰዓት አብልቶ፣ ሁለት ማዕድ ሳያቀላቅል መሸኘት በትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አይለመድም። ስለዚህ ለተግባር ልምምድ ተማሪ የሚልኩ ኮሌጆች ባለኮከቡን ሆቴል ብቻ ከሚያስቡ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ቆላው ቢልኳቸው ጥሩ ነው። ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ሲመለሱ ግን ወጥ ሳይበላሽ፣ ሒሳብ ሳይጠፋ የመቶ ሰው ምሳ ማውጣት የሚችሉ ሆነው ይመጣሉ።