የዓሣ ማጥመጃ ክር አመራረጥና አጠቃቀም

ዓሣ አጥማጅ ክር ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ክር በደረቁ ሲሳብና ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ሲጎትተው ጠባዩ አንድ አይደለምና። ስለዚህ ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸውን ሦስት ዐይነቶች በየባሕርያቸው ለማነጻጸር እንሞክራለን።

ቀድሞ ክሩ የሚፈተለው ከሐር፣ ከተልባ እግር ወይም ከጥጥ ነበር። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም፤ ነገር ግን እርጥቡን ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1938 እ.ኤ.አ. ናይሎንን ለሕዝብ ካስታወቀ ወዲህ የማይበሰብስ ክር ተገኘ።

አንደኛው እንግዲህ ነጠላ ናይሎን ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ስለሚለጠጥም ዓሣው በድንገት ሲወራጭ ግፊቱን ያበርድለታል። ሆኖም ውሃ ስለሚመጥ ሲርስ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ የፀሐይ ብርሃንም ያደክመዋል።

ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን ነው። ብርሃንን የማጠፍ መጠኑ 1.42 ያህል ሲሆን የውሃ 1.33፣ የናይሎን ደግሞ 1.5 ገደማ ነው። ለውሃ ስለሚቀርብ ዓሣው በቀላሉ አያየውም። ከውሃ 1.8 ጊዜ ያህል ስለሚከብድም ይሰጥማል። ዋጋው ውድ፣ ጠባዩም ደረቅ ስለ ሆነ ብዙዎች ከመንጠቆው አጠገብ ብቻ ይቀጥሉታል።

ሦስተኛው ከቀጫጭን የፖሊኤቲሊን ክሮች የተጎነጎነው ነው። ቀጭን ሆኖ ብዙ ይሸከማል፤ ስለማይለጠጥም የዓሣው ንክሻ ወዲያው እጅ ላይ ይሰማል። ነገር ግን በኃይል ከተሳበ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ሊነቅል፣ የአጥማጁንም ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል።

ስለዚህ በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ለማጥመድ ቀጭን ናይሎን ይበቃል። በጫሞ ሐይቅ የሚገኘውን ናይል ፐርች የሚሻ ሰው ግን ይህ ዓሣ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ወፍራምና ብርቱ ክር ያስፈልገዋል።

የትኛውም ክር ቢመረጥ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከቋጠሮው ላይ ነው። ስለዚህ ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በውሃ ይረጥብ፤ በደረቁ ሲጠብቅ ፍትጊያው ክሩን ያሙቀዋል፣ ያደክመዋልም። የተላላጠውም ጫፍ በየጊዜው ይቆረጥ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ውሃ ውስጥ የቀረ የጥጥ ክር በስብሶ ይጠፋል፤ ናይሎን ግን ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ ዓሣና የውሃ ወፍ ያንቃል። ለአጥማጁ የጠቀመው ያው አለመበስበሱ ለሐይቁ ጉዳት ይሆናል ማለት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከመንጠቆው አጠገብ ያለው ቅጣይ ከዋናው ክር ደከም ያለ ይሁን። መንጠቆው ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋራ ቢያያዝ የሚበጠሰው እርሱ ስለ ሆነ ውሃ ውስጥ የሚቀረው አጭር ቁራጭ ብቻ ይሆናል። አሮጌው ክርም ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይመለስ እንጂ በዳርቻው አይጣል።