የጠባቂው ሐቅ በእስር ቤት ጭስ ውስጥ

ስለ ሲጋራ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንመክረው አጫሹን ነው። ዛሬ ግን ሲጋራ በእጁ ሳይነካ ጭሱን ስለሚምገው የእስር ቤት ጠባቂ እንነጋገራለን።

ክፍሉ ለእስረኛው ቤቱ ነው፤ ለጠባቂው ግን የሥራ ቦታው። ለቆጠራ ሲገባ፣ ሲፈትሽ፣ ጠዋት በር ሲከፍት ሌሊቱን የተጠራቀመው ጭስ ይቀበለዋል። የሌላ ሰው ጭስ ካንሰርና የልብ ሕመም እንደሚያስከትል ሐኪሞች ካረጋገጡ ቆይቷል።

የስኮትላንድን ጉዳይ እንመልከት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ሲከለከል እስረኞች ግን በክፍላቸው እንዲያጨሱ ተፈቅዶ ቀረ። ከአሥሩ እስረኞች ሰባቱ ያህል አጫሾች ነበሩ። በ2016 ተመራማሪዎች የ15ቱንም እስር ቤቶች አየር ሲለኩ፣ ጠባቂዎቹ የሚስቡት ጭስ ከአጫሽ ጋር አንድ ቤት የሚኖር ሰው ከሚስበው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ኅዳር 30 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ክልከላው ሲጀመር በአየሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከ2016ቱ በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

በሸሪዓችን የማጨስን ብይን በተመለከተ የቀደሙት ዑለማዎች ሐራም፣ መክሩህ በማለት ተለያይተዋል፤ የዘመናችን ብዙዎቹ ሐራም ብለውታል። ሌላውን መጉዳት ግን የሚያከራክር አይደለም። ጉዳት ይወገዳል የሚለው ከፊቅህ ታላላቅ መርሆዎች አንዱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሌላውን እንዳያውክ ከመስጂድ እንዲርቅ አዘዋል። እንግዲህ ሽታ እንዲህ ከተባለ፣ የሚያሳምም ጭስ ምን ሊባል ነው?

«እስረኛው ምን ቀረው? ሲጋራውንም ትነጥቁታላችሁ?» የሚሉ አሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቁርኣን ምርኮኛን የሚያበሉ ሰዎችን አወድሷል፤ ስለዚህ ክልከላው ተጨማሪ ቅጣት መሆን የለበትም። ስኮትላንዶች ውሳኔውን ያሳወቁት ከዓመት በላይ አስቀድመው ነው፤ ሱሱን ለማቆም የሚረዳ ሕክምናም አቀረቡ። አስካሪ መጠጥም የተከለከለው ደረጃ በደረጃ እንደነበር እናስታውስ። ያም ሆኖ ችግር አይጠፋም፤ በእንግሊዝ እስር ቤቶች ለሕክምና የተሰጣቸውን የኒኮቲን ፕላስተር ከሻይ ቅጠል ጋር ጠቅልለው ያጨሱ ነበሩ! የሱስ ነገር እንዲህ ነው።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጉ የሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። በእኛ አመለካከት የጠባቂው ኮሪደር ከማንኛውም ቢሮ አያንስም። ታሳሪ ልንጠይቅ ስንሄድም ከስንቁ መሐል ፓኬት ሲጋራ የምንሸጉጥ አለን፤ በእሱ ፋንታ ቴምር ወይም ሳሙና ማስገባት ይቻላል።