ረቂቅ ዜማ ምሉዕ ሥራ እስኪሆን

ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ሙያዬ ስለሆነ፣ በዚህ በጁባ ወጣት ሙዚቀኞች ዘወትር የሚጠይቁኝን፣ ረቂቅ ቅጂ ወደ ምሉዕ ሥራ የሚደርስበትን መንገድ በጥቂቱ ልግለጽ።

ረቂቁ የዜማው ነፍስ ነው፤ ሥጋ የሚያለብሰው አቀናባሪው ነው። በኢንዱስትሪያል ሮክ ስመ ጥር የሆነው ትሬንት ሬዝነር፣ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ስቱዲዮ ተቀጥሮ ሲያገለግል፣ ክፍሉ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት የቀዳቸው ረቂቆች፣ እንደ አድሪያን ሸርውድና ጆን ፍራየር ባሉ የጥበቡ ሊቃውንት እጅ አልፈው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. «ፕሪቲ ሄት ማሽን» ለተባለው አልበም በቁ። በዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ የብረቱ መንኳኳትና የጊታሩ ጩኸት ራሳቸው የድርሰቱ ንባብ ናቸውና፣ ቅንብሩ ሲለወጥ ትርጓሜውም አብሮ ይለወጣል።

የብሔራዊ መዝሙር ሥርዓት ግን ሌላ ነው። የደቡብ ሱዳን መዝሙር በረቂቅ ሳለ የኩሽን ምድር ስም ያነሣ ነበር፤ ያ ስም ቀርቶ፣ በውድድር የተመረጠው የጁባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ዜማ ተዋሕዶት፣ ጁላይ 9 ቀን 2011 በዶክተር ጆን ጋራንግ መካነ መቃብር በተከበረው የነጻነት በዓል ተዘመረ። መሣሪያ ያልያዘ ሕዝብ በአንድ ቃል ሊያዜመው የሚገባ በመሆኑ፣ የቅንብሩ ጌጥ ቢገፈፍ እንኳ ዜማው ብቻውን ሊቆም ይገባዋል፤ እኔም ማናቸውንም ረቂቅ አስቀድሜ የምመዝነው በዚሁ ነው።

በከተማችን የጄኔሬተር ድምፅ ወደ ቅጂው ስለሚገባ ብዙዎች ረቂቃቸውን ይጥሉታል። እባካችሁ አትጣሉት፤ ድምፃዊው በመጀመሪያው ሰዓት ያገኘው ስሜት ዳግመኛ ላይገኝ ይችላልና፣ ቅጂውን አጥርቶ በመጨረሻው ሥራ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።